የእናቴ ሳልና ሁለቱ ክኒኖች

ስለ መድኃኒት ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ ሰው ሐኪም ቢሆን በተገባው ነበር። እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት የማስተምር መምህር ነኝ። በየዓመቱ አንድ ሳምንት ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ኩላሊት እሥላለሁ። ተማሪዎቼ ሥዕሉን በደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ ኩላሊት ደምን ከማጣራት ሌላ የደምን ግፊት እንደሚቈጣጠርም አስጽፋቸዋለሁ። በፈተና ጊዜ ይኸንኑ ይመልሱልኛል፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ትክክል» እያልሁ አልፋለሁ።

እንዲህ እያልሁ የማስተምር ሰው፣ የገዛ እናቴ አራት ወር ሙሉ ስትስል ምክንያቱን ሳላውቅላት ቀረሁ። ይህን ለእናንተ ለአንባቢዎቼ የምነግራችሁ ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ተማሪም ብትሆኑ፣ በየጽሕፈት ቤቱ አዲስ የተቀጠራችሁ ሠራተኞችም ብትሆኑ፣ በቤታችሁ የደም ብዛት ክኒን የሚውጥ አባት ወይም እናት ወይም አክስት እንደማይጠፋ እገምታለሁ። የመድኃኒቱን ወረቀት «እስቲ ይህን አንብብልኝ» ተብሎ የሚጠራውም ፊደል የቈጠረው ልጅ ነው።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጉልበቷን አሟት ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። ነርሷ እንደ ደንቡ ክንዷን ጠቅልላ ብትለካው 168 በ102 ሆነ። «ደረጃ ወጥተው ስለ መጡ ይሆናል፤ ትንሽ ይረፉ» ብላ ደግማ ለካች፤ ሌላ ቀን አስጠርታም ለካች። ቁጥሩ አልወረደም። «እማማ፣ ደም ብዛት አለብዎት» አለቻት። እናቴም «የኔ ልጅ፣ እኔ ያመመኝ ጉልበቴ ነው» ብላ መለሰች። ይህ መልስ ያሥቃል እንጂ እውነት አለበት፤ የደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ሳያምም ቈይቶ አንድ ቀን በአንጎል፣ በልብ ወይም በኩላሊት ላይ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆነ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን ያህሉ የደም ብዛት አለባቸው፤ ከእነዚህም ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም።

የታዘዘላት ክኒን ኢናላፕሪል ይባላል። በቀን 5 ሚሊ ግራም ጀመረች፤ በኋላ 10 ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ መጣ። አክታ የሌለው፣ ትኩሳት የሌለው፣ ደረቅ ሳል ነው። «ጉሮሮዬን ውስጡን በላባ የሚነካካኝ ይመስለኛል» ትል ነበር። ቀን ይሻላታል፤ ሌሊት ጋደም ስትል ይነሣባታል።

ሳል ላለበት ሰው አገሩ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዷ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው አለች፤ ሌላዋ የእህል አቧራ ነው አለች። ዳማከሴ ተጨመቀላት፤ ዝንጅብል በማር ተፈላላት። እኔም ከማስተምርበት ከተማ ሁለት ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ ላክሁ። ሐኪም ቤት ተመልሳ ሄዳ የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተሰጣት፤ ጨረሰችው፤ ሳሉ አልተነቃነቀም። ሦስተኛው ወር ላይ አክታ እንድትሰጥ ተጠየቀች። ነገሩ የገባው ጎረቤትም በልቡ የሳንባ ነቀርሳን አሰበ። ምርመራው ነጻ ናት ቢልም ወሬው አልቆመም። ቡና ሲጠጣ የእናቴ ሲኒ ለብቻው ይታጠብ ጀመር። ማንም ምንም አላላትም፤ እርሷ ግን አየች። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከውጭ ከዛፍ ሥር መቆም አመጣች፤ «ቅዳሴውን በሳሌ አልረብሽም» ትላለች። ማኅበርም ቀረች።

ለፋሲካ ዕረፍት ቤት ስሄድ ሳሉ የለም! ደስ ብሎኝ ምን እንዳደረገች ጠየቅኋት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ክኒኑን ተውሁት፤ ሳሉም ተወኝ» አለችኝ። ለእኅቷ ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ ሄዳ ሁለት ሳምንት ስትቈይ መድኃኒቱን ረስታው ኖሯል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሳሉ እየቀለለ ሄደ። ስትመለስ ዋጠችው፤ ሳሉ ተመለሰ። ደግማ ተወችው፤ ሳሉም ሄደ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ እኔ ኮሌጅ ገብቼ የሙከራ ሥነ ሥርዓት ተምሬአለሁ፤ እናቴ ግን ሠራችው።

እኔ ምን ያልሁ ይመስላችኋል? ሣቅሁ። «እማዬ፣ ደም ብዛትና ሳል ምን ያገናኘዋል?» አልኋት። ይህን ሣቄን ዛሬ ባስታወስሁ ቍጥር አፍራለሁ። የባሰው ደግሞ በኋላ መጣ፤ ሣጥኗን ከፍታ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አወጣች። ጣሳው ያልተነካ ክኒን ሞልቶበታል። ለካ ሁለት ወር ሙሉ በየወሩ እየሄደች መድኃኒቱን ትቀበል ነበር፤ ነርሷ እንዳትቀየምባት ብላ! ይሉኝታ ከደም ብዛት የከፋ በሽታ ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ብዙ አልራቀም።

በማግስቱ ይዣት ሄድሁ። ግፊቱ 186 በ110 ሆኖ ተገኘ።

ያን ቀን የመረመራት ሐኪም ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። እናቴ እየፈራች ክኒኑን መተዋን ተናዘዘች። እኔ ቍጣ ስጠብቅ እርሱ ብዕሩን አስቀምጦ «እማማ፣ ልክ ነዎት። ያሳለዎት ክኒኑ ነው። መተውዎ ግን ልክ አልነበረም፤ መጥተው ቢነግሩን እንለውጠው ነበር» አላት። ኢናላፕሪሉን አስቀርቶ ሎሳርታን 50 ሚሊ ግራም ጻፈላት። ከዚያም ለእኔ በወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ። ሥዕሉ እኔ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምሥለው ነበር።

ነገሩን እኔ በጽሕፈት ቤት አሠራር አስመስዬ ላስረዳችሁ። ጉበት ዘወትር አንድ ረቂቅ ደብዳቤ እያዘጋጀ ወደ ደም ይልካል። ረቂቅ ስለሆነ ማንም አይታዘዘውም። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያነሰ ሲመስለው ሬኒን የተባለውን ጸሐፊ ይልካል፤ ሬኒንም ረቂቁን ቈርጦ አንጂዮቴንሲን አንድ የሚባል ደብዳቤ ያደርገዋል። (ሬኒንን በ1898 ስቶክሆልም ውስጥ ከጥንቸል ኩላሊት ያገኙት ቲገርስቴትና በርግማን የተባሉ ሰዎች ናቸው።) ይህም ደብዳቤ ገና ማኅተም የለውም። ማኅተም መቺው በተለይ በሳንባ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ በብዛት የሚገኝ ኢንዛይም ነው። እርሱ ማኅተሙን ሲመታበት አንጂዮቴንሲን ሁለት ይሆናል፤ አሁን ትእዛዝ ሆነ ማለት ነው። ትእዛዙ በደም ሥሮች ጡንቻ ላይ ባለው በር ሲገባ ሥሮቹ ይጠብባሉ። ከኩላሊት በላይ ወዳለው ዕጢ ሲደርስ ደግሞ ጨውና ውሃ እንዳይወጣ ያሳግዳል። ግፊቱም ከፍ ይላል።

ይህን ትእዛዝ ለማስቀረት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማኅተም መቺውን እጁን መያዝ ነው። ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቀው መድኃኒቶች፣ ካፕቶፕሪል፣ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ራሚፕሪል፣ የሚያደርጉት ይኸንን ነው። ሁለተኛው፣ ደብዳቤው ማኅተሙን እንደ ያዘ ይምጣ ብሎ የሚቀበለውን በር መዝጋት ነው። በ«ሳርታን» የሚያልቁት፣ ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን፣ ካንዴሳርታን፣ ቴልሚሳርታን፣ በር ዘጊዎች ናቸው። የመድኃኒቱን ወረቀት የምታነቡ ልጆች የስሙን መጨረሻ ብቻ ብታዩ ወገኑን ታውቁታላችሁ።

የውጤቱ መጨረሻ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? ማኅተም መቺው ሌላም ሥራ ስላለበት ነው። ብራዲኪኒን የሚባል ሌላ ወረቀት አለ፤ የደም ሥርን የሚያሰፋ፣ ነርቭንም የሚያሳክክ ነው። ማኅተም መቺው ትርፍ ጊዜውን ይህን ወረቀት እየቀደደ ይጥላል። እጁን ስትይዙት ማኅተሙም ይቀራል፤ ወረቀቱም ሳይቀደድ ይከመራል። በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ የተከመረው ብራዲኪኒን ከሌሎች መሰል ነገሮች ጋር የሳልን ነርቭ ይቀሰቅሳል። «በላባ የሚነካካኝ ይመስለኛል» ያለችው እናቴ ከመጽሐፍ ይልቅ አሳምራ ገልጣው ነበር። በር ዘጊዎቹ ግን ማኅተም መቺውን አይነኩትም፤ ስለዚህ ብራዲኪኒን እንደ ወትሮው ይቀደዳል።

የሚገርመው፣ ይህ ብራዲኪኒን በመድኃኒቱ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ፕሪሎች የተገኙት በእርሱ በኩል ነው። በ1949 ብራዚል ውስጥ ሮቻ ኢ ሲልቫና ጓደኞቹ ዣራራካ የተባለውን እባብ መርዝ ሲመረምሩ፣ መርዙ ከደም ውስጥ ብራዲኪኒንን እንደሚያስወጣ አዩ። ደቀ መዝሙራቸው ሰርዢዮ ፌሬይራ በ1965 ደግሞ ያው መርዝ የብራዲኪኒንን ኀይል የሚያበረታ ነገር እንዳለበት አሳወቀ፤ መርዙንም ይዞ ለንደን ወደ ጆን ቬን ቤተ ሙከራ ሄደ። እዚያ የእባቡ መርዝ ማኅተም መቺውንም እጁን እንደሚይዝ ተገኘ። ከመርዙ የወጣው ነገር ሲዋጥ አይሠራም፤ በመርፌ ብቻ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኩሽማንና ኦንዴቲ የተባሉ ሊቃውንት የመርዙን ጠባይ አይተው የሚዋጥ አነስተኛ ውሁድ ቀመሩ፤ ካፕቶፕሪል ተባለ፤ በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል በ1985 ተከተለ። የበር ዘጊዎቹ መጀመሪያ ሎሳርታን የተፈቀደው በ1995 ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «የእባብ መርዝ ነው ያጠጡኝ?» ብላ አማተበች። መርዙ መነሻ ሐሳብ እንጂ ክኒኑ ውስጥ እንደሌለ ለማስረዳት አንድ ከሰዓት ፈጀብኝ።

ሳሉ በሁሉ ሰው ላይ አይመጣም። ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ ፕሪል ከሚወስዱ 100 ሰዎች ከ5 እስከ 20 ያህሉ ይስላሉ ይባላል፤ ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛል። በሳምንት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ከወራት በኋላ የሚጀምርበትም አለ፤ ለዚህም ነው ሰው ከክኒኑ ጋር የማያገናኘው። ከአንዱ ፕሪል ወደ ሌላው ፕሪል መዛወር አይጠቅምም። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ይጠፋል፤ የሚዘገይበትም ሰው አለ። ይህን ሁሉ ሳነብ የሳል ሽሮፑ ገንዘብ ትዝ አለኝ።

«እንግዲያማ ሁሉም ሰው ሳርታን ይውሰድ» የሚል ይኖራል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ያልሁት ይኸንኑ ነበር። ሐኪሙ ግን አልተቀበለኝም። ፕሪሉ የማያስለው ሰው ብዙ ነው፤ ለእርሱ መልካም መድኃኒት ነው። ዋጋውም ቢሆን፣ እናቴ በምትገዛበት መድኃኒት ቤት ከሎሳርታኑ ይልቅ ኢናላፕሪሉ ይረክሳል፤ በየወሩ ዕድሜ ልክ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኀይላቸውን በተመለከተ በ2008 የታተመ ኦንታርጌት የተባለ ትልቅ ጥናት አለ። ለልብና ለደም ሥር ሕመም የተጋለጡ 25,620 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ራሚፕሪል፣ ለአንዱ ቴልሚሳርታን፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም ሰጠ። ከልብ ድካምና ከአንጎል ምት በመከላከል ሁለቱ ተስተካከሉ። በሳል ምክንያት መድኃኒቱን የተዉት ግን ከራሚፕሪል ወገን ከ100 አራት ያህል ሲሆኑ፣ ከቴልሚሳርታን ወገን አንድ ያህል ነበሩ። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት መድኃኒቱ ያልተስማማቸው ተለይተው ስለ ቀሩ በተራው ሕዝብ ዘንድ ሳሉ ከዚህ ሊበዛ ይችላል።

ከዚህ ጥናት ሦስተኛው ወገን ይበልጥ ያስተምራል። ሁለቱንም አንድ ላይ የወሰዱት የተለየ ጥቅም አላገኙም፤ ግፊታቸው ከልክ በላይ መውረድ፣ መፍዘዝና የኩላሊት መጐዳት ግን በዛባቸው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አባቱ ከወንድማቸው ሳርታን ተበድረው በራሳቸው ፕሪል ላይ ደርበው ይውጡ ነበር። «ሁለት በሬ ካንድ በሬ ይሻላል» ብለው ነው! እዚህ ግን ሁለቱም በሬዎች የሚጐትቱት አንዱን ሞፈር ነው።

በአፍሪካ ሰዎች ላይ ደግሞ ፕሪልም ሆነ ሳርታን ብቻውን ሲሰጥ ግፊቱን የሚያወርደው በአማካይ ያነሰ ነው፤ ከሌላ ወገን መድኃኒት ጋር ሲጣመር ግን ይበረታል። በ2019 የታተመው ክሪዮል የተባለ ጥናት ካሜሩንን፣ ኬንያን፣ ሞዛምቢክን፣ ናይጄሪያን፣ ደቡብ አፍሪካንና ኡጋንዳን ይዞ የተደረገ ነው፤ አምሎዲፒን የተባለው ክኒን ከፔሪንዶፕሪል ወይም ከሽንት አብዢ ክኒን ጋር ሲሰጥ፣ አምሎዲፒን ከሌለበት ጥምር የተሻለ እንደሆነ አሳይቷል። እናቴም ሎሳርታኑን ወር ወስዳ ቁጥሩ 152 ላይ ሲቆም ሐኪሙ 5 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን ጨመረላት።

ሳሉ የሚያሰለች እንጂ የሚገድል አይደለም። ፕሪሎች ግን አልፎ አልፎ ሌላ ነገር ያመጣሉ፤ ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮ በድንገት ያብጣሉ። ከ100 ሰው አንዱን እንኳ አያገኝም፤ ሆኖም በጥቁር ሰዎች ላይ ከነጮች ይበልጥ ይታያል፤ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያበጠ ሰው ሌላ ክኒን ሳይውጥ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ አለበት። በሳርታኖች ላይ ይህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም።

ሁለቱም የሚጋሩት አደጋ ደግሞ አለ። ለነፍሰ ጡር አይሰጡም፤ የፅንሱን ኩላሊት ይጐዳሉ፤ ሊገድሉትም ይችላሉ። ወጣት ሚስት ወይም እኅት ይህን ክኒን የምትወስድ ከሆነ ማርገዟን ስታውቅ አይደለም፣ ለማርገዝ ስታስብ ለሐኪሟ ትንገር። ሁለቱም በደም ውስጥ ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። የጉልበት ማስታገሻውም ነገር አለ። እናቴ ለጉልበቷ ዲክሎፍናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዛች ትውጥ ነበር፤ ይህ ክኒን ግፊቱን ራሱ ከፍ ያደርጋል፤ ከፕሪል ወይም ከሳርታን ጋር ሲሆንም ኩላሊትን ሊጐዳ ይችላል። ማንም ስላልጠየቃት አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

አሁን ስድስት ወር ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ግፊቷ 136 በ82 ነበር። ሳሉ አልተመለሰም። ቤተ ክርስቲያን ገብታ ትቆማለች። ጣሳውን የሞላውን ኢናላፕሪል ወስጄ ለመድኃኒት ክፍሉ አስረከብሁ፤ ጣሳውን ግን አልሰጠችኝም፤ ሽሮ አስቀመጠችበት።

ቅዳሜ ማታ ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር። ያን ጊዜ ሲኒዋን ለብቻው ካጠቡት አንዲቱ ሴት በሦስተኛው ስኒ ላይ ሳል ያዛት፤ ደረቅ ነው፤ አላቆም አላት። እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ «አንቺ፣ ያ የደም ብዛት ክኒንሽ ስሙ ማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሴቲቱ አላወቀችውም። ልጇን ልካ ካርቶኑን አስመጣችና ለእኔ ሰጡኝ። ሊሲኖፕሪል ይላል። ሁሉም ዝም ብለው ያዩኛል። እናቴ ግን እኔን አልጠበቀችኝም፤ «ዛሬ ማታም ዋጪው፤ እንዳትተዊው። ሰኞ ጠዋት አብረን ሄደን ለነርሷ እንነግራታለን» አለቻትና ሲኒዋን ተቀብላ ቡናውን ቀዳችላት።